የእማማ በላይነሽ ትርፍ ቤት

እኔ ልጅ በነበርኩበት ዘመን ቤት የሚመረጠው በእግር ነበር። የቀበሌው የቤቶች ኃላፊ የቁልፍ ዘለላውን እያንቀጫቀጨ ከፊት ይሄዳል፤ ቤት ፈላጊው ከነልጆቹ ይከተለዋል። እኛም ከደብረ ማርቆስ መጥተን የአባቴ አክስት ዘንድ አንዲት ክፍል ውስጥ አንድ ወር ከተጠባበቅን በኋላ፣ በአንድ የነሐሴ ቅዳሜ የኮልፌን ጭቃ እየረገጥን ተሰለፍን። አባቴ ከኃላፊው ጎን፣ እናቴ የሁለት ዓመቷን ምሕረትን አዝላ ከመሀል፣ እኔና ወንድሜ ሙሉቀን ጭቃው ጫማችንን እየነጠቀን ከኋላ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ሙሉቀን ስድስት።

አባቴ መካኒክ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ያመጣንም ወደ አንድ የመንግሥት ጋራዥ መዛወሩ ነው። ቤት ሲመርጥም በመካኒክ ዓይን ነበር። የመጀመሪያው ቤት አስፋልት ዳር፣ ከወፍጮ ቤት ጎን ነበር። አባቴ ዳገቱን ሽቅብ አየና «ፍሬን የበጠሰ መኪና ቀጥ ብሎ የሚገባው እዚህ ቤት ነው» አለ፤ በሩ እንኳ ሳይከፈት ተመለስን። ሁለተኛው ወደ ቀራንዮ ወረድ ብሎ፣ ሜዳ የሚያህል ግቢ ያለው ነበር። እኔና ሙሉቀን ገና ሳንገባ የሰኞ ማክሰኞውንና የብዩን ቦታ ተካፈልን። እናቴ ግን በጓሮ በኩል የሚያጓራውን ወንዝ አዳመጠች፣ አንገቷን አዙራ ጀርባዋ ላይ የተኛችውን ምሕረትን አየች፣ «አይሆንም» አለች። 

ሦስተኛው ቤት ከመንገድ ገባ ብሎ ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤቶች ፊት ለፊት ተያይተዋል፤ አንደኛው ያረጀ የጭቃ ቤት፣ ሌላው ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ባለሁለት ክፍል። ለኛ የታሰበው አዲሱ ነበር። ኃላፊው ሲከፍተው የጠመኔ ሽታ ወጣ። ቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ማስተማሪያ አድርጎት ስለነበር አንዱ ግድግዳ ጥቁር ተቀብቶ በግማሽ የተጠረጉ ፊደሎች ቀርተውበታል። የራሴ ሰሌዳ ሊኖረኝ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። አባቴም ደስ ብሎታል፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ከግቢው ይሰማል፣ ቦኖው ከበሩ ይታያል፣ መኪና የሚባል ነገር ድርሽ አይልም።

«የማን ቤት ነው?» አለች እናቴ።

«የሕዝብ ነው» አለ ኃላፊው።

«ከሕዝብ በፊትስ?»

ሰውየው በአገጩ ወደ አሮጌው ቤት ጠቆመ። መስኮቱ ዝግ ነበር። «ትርፍ ቤት ሆኖ ተወርሶ ነው። ባለቤቷ እዚያ አሉ።»

የኔ ዘመን ሰው ትርፍ ቤት ምን እንደነበር አይጠፋውም። ሰው ሁለት ቤት ካለው አንዱ ለራሱ ይቀርለታል፣ ሌላው የመንግሥት ይሆናል፤ ነገሩ ያን ያህል አጭር ነበር። እናቴ አባቴን ወደ ጥግ ሳበችው። «እንባ ያለበት ቤት ልጅ አያሳድግም» ስትለው ሰማኋት። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታዲያ የት ልውሰዳቸው? ወንዝ ዳር? እኛ ብንተወው ሌላ ሰው ይገባበታል እንጂ ለሳቸው አይመለስላቸውም» አላት። እናቴ ምሕረትን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻት፣ እኔንና ሙሉቀንን ጠራችን፣ ግቢውን ተሻግራም የአሮጌውን ቤት በር አንኳኳች።

ዘለግ ያሉ፣ ጥቁር የለበሱ ሴት ከፈቱ። እጃቸው ላይ የገብስ ብናኝ ነበር።

«እትዬ፣ ቤቱ የእርስዎ መሆኑን ሰማሁ» አለች እናቴ። «እርስዎ እንቢ ካሉ አልገባበትም። ልጆቼን ይዤ ሌላ እፈልጋለሁ።»

ኃላፊው ከኋላችን ጉሮሮውን ጠረገ። ሴትየዋ ግን ዞር ብለውም አላዩትም። እኔን አዩኝ፣ ሙሉቀንን አዩት፣ ምሕረት ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆየ።

«እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሰው መግባቱ ካልቀረ ልጅ ያለው ይግባ» ብለው በሩን ዘጉ።

እንዲህ ሆነን ነው የገባነው።

ሴትየዋ እማማ በላይነሽ ይባሉ ነበር። የሚተዳደሩት ብቅል አብቅለው በመሸጥ ነው። ገብሱን ነክረው በቅጠል ሸፍነው ያበቅሉታል፤ ሲደርስ የበሬ ቆዳ ጀንዲ ላይ ፀሐይ ያሰጡታል። ግቢያችን ምንጊዜም ያ ጣፈጥ፣ ኮምጠጥ የሚል የእርጥብ ብቅል ሽታ አይለየውም፤ ደብተሬ ሳይቀር እሱን ይሸት ነበር። እሳቸው ሰላምታ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ከሁሉ የሚገርመኝ መስኮታቸው ነበር። ከኛ በር ትክክል ያለውን መስኮት ፀሐይም ቢወጣ፣ ዝናብም ቢዘንብ አይከፍቱትም። እናቴ «እኛን ማየት ይከብዳቸዋል፤ አትፍረዱባቸው» ትለን ነበር። እንዳንጮህም ትቆጣናለች። ሱዚ ስዘል እንኳ በጣቶቼ ጫፍ ነበር የማርፈው። ያን ጥቁር ግድግዳ ኖራ ስትቀባው ሰሌዳዬ ጠፋ ብዬ አለቀስኩ። «የሰው ቤት ነው፤ እንደነበረ እናድርገው» አለችኝ።

ግቢውን መጀመሪያ የተሻገረችው ምሕረት ነች። ገና አፏን በቅጡ ሳትፈታ ጠዋት ጠዋት እየተውተረተረች ሄዳ ከጀንዲው አጠገብ ቁጭ ትላለች፤ ብቅሉን ሊለቅሙ የሚመጡትን ወፎች «ሽ! ሽ!» እያለች ታባርራለች። እናቴ እየሮጠች ታመጣታለች፤ ተመልሳ ትሄዳለች። አንድ ቀን ልመልሳት ስሄድ እማማ በላይነሽ ጭን ላይ ተኝታ አገኘኋት።

«አትንኪያት» አሉኝ። «ትተኛ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ምሕረት የሁለት ቤት ልጅ ሆነች። እሳቸው ፀጉሯን ፀሐይ ላይ አጥበው ሹሩባ ይሠሯታል፣ የተቆላ ገብስ በጉርሻ ያጎርሷታል። ነገሩ ተገለባበጠና እሳቸውን «እማ» ስትል፣ የገዛ እናታችንን እንደ አባቴ «ጥሩዬ» ብላ ትጠራት ጀመር። እናቴ በሌላ ቀን ብትሰማው የምትቆጣበት ነገር ነበር፤ ለሳቸው ስትል ግን ዝም አለች።

በሁለተኛው ዓመት ምሕረትን ኩፍኝ ያዛት። እናቴ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ልትቀበል ተሰልፋ፣ አባቴ ሥራ ላይ፣ ሙሉቀን ትምህርት ቤት ሆነው እኔ ብቻዬን እጠብቃት ነበር። ረፋድ ላይ ሰውነቷ እንደ እሳት ጋለና ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ሮጬ «እማማ በላይነሽ! ምሕረት!» ብዬ ጮህኩ። የያዙትን ጥለው ተከተሉኝ። በራችን ጋ ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። ደጃፉን የረገጠ እግራቸውን ማንሣት ያቃታቸው መሰለኝ። ያን ጊዜ ነው ከገባን ጀምሮ አንድም ቀን ቤታችን ገብተው እንደማያውቁ ልብ ያልኩት።

ምሕረት አቃሰተች። እሳቸውም ገቡ።

እናቴ ስትመለስ እርጥብ ጨርቅ ምሕረት ግንባር ላይ እየለዋወጡ፣ በጣታቸው ከንፈሯን ውሃ እያስነኩ አገኘቻቸው። ትኩሳቱ በረድ ብሎ ነበር። እማማ በላይነሽ ሊወጡ ተነሡና የበሩን መቃን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ይህን በር በዚህ በኩል ያስደረገው ጌታቸው ነው» አሉ። «ልጄ። ሲያገባ ይገባበታል ብዬ ነው ቤቱን የሠራሁት። አናጢው በሩን ወደ ግቢው መግቢያ ላዙረው ቢለው፣ ‹የለም፣ ጠዋት በሬን ስከፍት እናቴን ነው ማየት የምፈልገው› አለ።»

እናቴ የያዘችውን የስኳር ከረጢት መሬት ላይ አስቀመጠች። «አሁን የት ነው፣ እትዬ?»

«መጀመሪያ ቤቱን ወሰዱ። ‹ግድ የለም እማዬ፣ ቤት ይሠራል› አለኝ። በዓመት ከምናምኑ በዚያ ክፉ ጊዜ ደግሞ እሱን ከዚሁ ግቢ ወሰዱት። ሞተ ያለኝም የለ፣ አለ ያለኝም የለ።»

በማግሥቱ ጠዋት በራችንን ስንከፍት መስኮታቸው ተከፍቶ ነበር። በዚያ መስኮት በኩል አጎንብሰው «ምሕረት አደረች?» አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን አንድ ዓመት ተኩል ሳስበው የሚመጣልኝ ቀለል ያለ ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ብቅሉን እናገላብጣለን፤ እሳቸው ደግሞ ሙሉቀን ፊደል ሲስት ከመስኮት ሆነው ያርሙታል። እናቴ አንዳች ነገር ሲጠፋባት እሳቸው ቤት ነው የምትፈልገው። «ትርፍ ቤት» የሚለውን ቃል በግቢያችን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ምሕረት አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ አባቴ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር የተደራጀበት የቤት ሠሪዎች ማኅበር ቤት አደረሰለት። ዓለም ባንክ ነው ቦታው። በአንድ እሑድ ወስዶ አሳየን። ያኔ ሰፈሩ ገና ሜዳ ነው፤ ንፋሱ የቆርቆሮውን ጫፍ ያንጎጫጉጨዋል፣ የአዲስ ሲሚንቶ ሽታ አለው። ግቢው ውስጥ የራሳችን ቧንቧ ነበር። ሙሉቀን እየከፈተ እየዘጋ እልል አለ። አባቴ እንደ ትልቅ ሰው ወደኔ ዞሮ «አንቺስ ሰብለ፣ ምን ትያለሽ?» አለኝ። የምተኛበትን ጥግ መርጬ ጨርሻለሁ። «ዛሬውኑ እንግባ» አልኩት። እናቴ ባዶው ክፍል መሀል ቆማ ነበር።

«እትዬ በላይነሽስ?» አለች።

«እሳቸውማ የራሳቸው ቤት አላቸው» አለ አባቴ፤ አነጋገሩ ግን እሱንም ያስደሰተው አይመስልም።

እናቴ የዚያኑ ዕለት ሄዳ ለመነቻቸው። እኔም አብሬያት ነበርኩ። «ሦስት ክፍል ነው፣ እትዬ። አንዱን ለእርስዎ እናደርገዋለን። ብቅልዎንም እዚያ ያሰጣሉ፤ ንፋሱ ደግሞ ጥሩ ነው። ምሕረትም ያለ እርስዎ አትሆንም» አለቻቸው።

እማማ በላይነሽ ፈገግ አሉ። የዚያ ፈገግታ ትርጉሙ የገባኝ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። «ጌታቸው ቢመጣ የት ብሎ ይፈልገኛል፣ ጥሩዬ?» አሉ። «እናንተ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የተሻለ መምረጥ አለባችሁ። እኔ የምመርጠው ነገር የለም። ከዚህ በር ላይ መጥፋት አልችልም።»

ቅዳሜ ጠዋት የጋራዡ መኪና መጥቶ ዕቃችንን ጫነ። ምሕረት የጀንዲውን ጫፍ ይዛ አልለቅም አለች፤ አባቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ። እናቴ «እሑድ እሑድ እናመጣታለን፣ በማርያም!» ብላ ማለች። እማማ በላይነሽ «መኪናው ሲሄድ አጥብቀሽ ያዣት» ብቻ አሉ። ዞር ብዬ ሳይ እኛ ባዶ አድርገን የወጣነው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ከኛ በኋላ ቀበሌው የስኳር መጋዘን አደረገው።

የመጀመሪያውን እሑድ ሁላችንም ሄድን። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ ክረምት ገባና የዓለም ባንክ ጭቃ እስከ አየር ጤና እግር የሚያስነሣ አልሆነም። ከዚያ እናቴ አረገዘች። ከዚያ ምሕረት ትምህርት ቤት ገባች፣ አዳዲስ ጓደኞች አገኘች፤ «እማ ጋ እንሂድ» ማለቷ እየራቀ እየራቀ ቀረ። ከኮልፌ ዓለም ባንክ ባሕር ማዶ አይደለም። እኛ ግን ባሕር እንደተሻገረ ሰው ሆንን።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አያቴ ከደብረ ማርቆስ ማር ላኩልን፤ እናቴ የተወለደውን ልጅ ጡት እያጠባች ስለነበር አንዱን ጣሳ ሞልታ በነጠላ ቁራጭ አሰረችና «ይህን ለእትዬ በላይነሽ አድርሺ። እንዴት እንደሆኑ ደህና አድርገሽ አይተሽ ነይ፤ ልቤ እሳቸው ላይ ነው» አለችኝ። አየር ጤና ፌርማታው ጋ አውቶቡስ ስጠብቅ የክፍል ጓደኛዬ አገኘችኝ። ቤታቸው እዚያው ነበር፣ ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የልጆች ፕሮግራም አለ። «ትንሽ አይተሽ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ገባሁ። ፕሮግራሙ አለቀ፣ ሌላው ቀጠለ፣ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ጣሳውን ከፈትነው። በዳቦ እያጠቀስን፣ ጣታችንን እየላስን ጨረስነው።

ቤት ስገባ እናቴ በጉጉት «እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

«ደህና ናቸው» አልኳት። «ማሩን ሲያዩ ደስ አላቸው። ሁላችሁንም ሰላም ብለዋል።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴ ሕፃኑን አዝላ ራሷ ሄደች። ተመልሳ ስትገባ እኔ የምሕረትን ዩኒፎርም እየተኮስኩ ነበር። ነጠላዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሰብለ፣ እትዬ በላይነሽ ያን ቀን ምን ነበር ያሉሽ?» አለችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ እኔም ውሸቴን አሳመርኩት። «ምሕረት አድጋለች ወይ አሉኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ...»

እናቴ እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«አርባቸው ትናንት ወጥቷል» አለች።

ካውያውን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ ዩኒፎርሙ ነዶ ሲሸተኝ ነው የነቃሁት። ቆጠርኩት። እኔ ግንባሬን ሳሙኝ ባልኩበት ቀን እማማ በላይነሽ ከተቀበሩ ሃያ ቀን አልፏቸው ነበር። እናቴ አልመታችኝም፤ ማሩን የት አደረስሽው ብላም አልጠየቀችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ የነደደውን ልብስ ከእጄ ወሰደችና ወደ ጓዳ ገባች። የጓዳውን በር ዘግታ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ አላለቀስኩም፤ በምን አፌ!

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ሳልጠይቃት፣ ጎረቤቶቻቸው ያሏትን ነገረችኝ። እድሩ ደህና አድርጎ ቀበራቸው። አድራሻችንን የሚያውቅ ጠፍቶ ሳይነግሩን ቀሩ። ታመው የተኙት አሥር ቀን ያህል ነው። ከዚያ በፊት ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ከቅዳሴ መልስ የግቢውን በር ገርበብ አድርገው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። ጎረቤት «ጌታቸውን ነው የሚጠብቁት?» ሲላቸው «እሱንማ ሁልጊዜ ነው። ዛሬ ልጆቹን ነው» ይሉ ነበር።

አሁን እናቴም አባቴም የሉም። ያ ሜዳ የነበረው ዓለም ባንክ ቤት በላይ በላዩ ተሞልቷል። ባለፈው ዓመት ምሕረት ሁለት ትንንሽ ልጆቿን ይዛ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስትዛወር ቤት ፍለጋ አብሬያት ዞርኩ። የዛሬ ቤት ፍለጋ ሌላ ነው። ፎቶው በስልክ ይመጣል፤ የውሃ ታንከሩ፣ የትምህርት ቤቱ ርቀት፣ የመኪና ማቆሚያው በዝርዝር ይጻፋል። እሷም ልክ ነች፣ ስለ ልጆቿ ነው የምትጨነቀው፤ ወላጆቻችንም ለኛ የተጨነቁት እንዲሁ ነው። ግን ያን ሁሉ ቤት ስናይ፣ በማዶው በር ማን እንደሚኖር የነገረን አንድም ደላላ አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ቤቴል አንድ ቤት አይተን ስንመለስ በኮልፌ በኩል አለፍን። የግቢያችን ቦታ የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቃተኝ፤ ሁሉም ፎቅ ሆኗል። ምሕረት መኪናዋን ዳር አስይዛ «ምን እየፈለግሽ ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነገርኳት። ቤቱን፣ ጌታቸውን፣ ኩፍኙን፣ ማሩን፣ ውሸቴን። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ሁሉ። መሪውን እንደያዘች አዳመጠችኝ።

«እኔን ይወዱኝ ነበር?» አለች።

«ከሁላችንም በላይ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የማላስታውሳቸው? ሰብሊ፣ ምንም... መልካቸው እንኳ...»

«ልጅ ነበርሽ» አልኳት።  የወደደቻቸው ረስታቸዋለች፤ የማስታውሳቸው የበደልኳቸው እኔ ነኝ። ዘለግ ያሉ ነበሩ፣ ጥቁር ይለብሱ ነበር ብዬ ልነግራት ጀመርኩ። ምሕረት ግን ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ማልቀስ ጀምራ ነበር፤ ስለማታስታውሳቸው ሴት፣ ከአርባ ዓመት በኋላ። እኔም ጀርባዋን እየዳበስኩ፣ በዚያ በማላውቀው መንገድ ዳር፣ ያኔ በምን አፌ ብዬ የተውኩትን ለቅሶ አብሬያት አለቀስኩ።